በቀኝ ኅዳግ የተጻፈው

የከተማዋ የጎብኚዎች መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት የደረሰው ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ምረቃው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነበር። ሃያ ጥቅል፣ በሲባጎ ግጥም ተደርጎ የታሰረ። የመጽሐፉ አራሚ ፈርማ ተረከበች፤ አንዱንም አልፈታችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሲባጎውን በጥርሷ በጥሳ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ አሽትታ፣ አንድ ቦታውን የሳተ ነጠላ ሰረዝ አግኝታ፣ በእሱ ስትብሰለሰል ትውል ነበር። ዛሬ ግን ጥቅሎቹ ላይ እጇን አሳርፋ በመስኮቱ ወደ ወንዙ ትመለከታለች። ወንዙ በዚያ ፀሐይ እንደ አዲስ ቆርቆሮ እያብለጨለጨ ዓይን አያስገልጥም።

«አትከፍቺውም?» አለቻት መረጃ። መረጃ የቢሮው የመረጃ መስኮት ሠራተኛ ናት፤ ስሙ የወጣላት ግን በመስኮቱ ምክንያት ብቻ አይደለም።

«በቃሌ የማውቀውን ምን ብዬ እከፍታለሁ?»

«ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ነሽ። ቁርጡን ንገሪኝ፤ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ወይስ ወደቡ ጋ?»

ለካ ቀኑን ሌላ ሰውም ሲቆጥርላት ከርሟል።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። መጽሐፉ «በፀሐያማዋ ከተማችን ምን ይታያል፣ ምን ይደረጋል» ይባላል። ከሰዓቱ ማማ ጀምሮ እስከ ዓሣ ገበያው ድረስ ዐሥራ አራት ነገሮች በተራ ቁጥር ሰፍረውበታል። የወንዙን ክፍል እያየ እንዲያስተካክል የታዘዘው የጉብኝት ጀልባው ነጂ ነው። ሰዉ መልህቅ ይለዋል። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን መልህቁን ሳያነሳ ሞተር አስነስቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ባለበት ሲያጓራ ቆይቷል። አንዲት እንግዳ ስትወርድ፣ «እንዴት ያለ የማያናውጥ ጉዞ ነው» ብላ አመስግናው ሄዳለች። ይህ ከሆነ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ስሙ ግን አልወረደለትም።

የእርማቱን ደንብ ያወጣችው አራሚዋ ራሷ ናት። የግራ ኅዳግ ለእርማት፣ የቀኝ ኅዳግ ለጭማሪ። በግራ የሚጻፈው ለአራሚዋ የሚነገር ነው፤ በቀኝ የተጻፈው ያለ ምንም ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። ይህንኑ በቀይ ጽፋ ማተሚያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። «ያለ ምንም ጥያቄ» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምራለች።

መልህቅ ደንብ አክባሪ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ግራ ኅዳግ ላይ፣ «ጀልባው የሚነሳው በሁለት ሰዓት ሳይሆን በሁለት ሰዓት ተኩል ነው» ብሎ ጻፈ። እሷ ከሥሩ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» እሱ ደግሞ፣ «የምነዳው እኔ ነኝ።» በሦስተኛው ገጽ፣ «የወፎችን ደሴት አምስት ጊዜ ውብ ብለነዋል፤ ሌላ ቃል ይኖርዎታል?» ብትለው፣ «ይሸታል» ብሎ መለሰላት። ብቻዋን ስትንፈቀፈቅ እናቷ የቢሮዋን በር ከፍተው አይተዋታል። ከእርስዎ ወደ አንተና አንቺ የተሻገሩት በዘጠነኛው ገጽ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደተሻገረ ሲከራከሩ ሙሉ ኅዳግ ጨርሰዋል። የጉዞውን ርዝመት በሰዓት ለመለካት አራሚዋ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተሳፍራለች። ለሥራው አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። በዐሥራ አንዱም ጊዜ ስለ ፍቅር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እሱ መሪውን፣ እሷ የእጅ ሰዓቷን ይዛ ይሄዳሉ። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ወደ ውኃው ይሸሻሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ እዚያው ይገናኛሉ።

እናቷ የቢሮው ዳይሬክተር ናቸው። ልጃቸው ሥራውን ያገኘችው በፈተና አንደኛ ወጥታ ነው፤ ይህን የሚያምኑት ግን እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ቤታቸው የዳኛና የሐኪም ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የዘመድ ፎቶግራፎች ውስጥ እጅጌውን የሰበሰበ አንድም ሰው አይገኝም። አንድ ቀን እራት ላይ የመልህቅ ነገር ቢነሳ ዳይሬክተሯ፣ «ጨዋ ልጅ ነው፤ ጀልባውን በደንብ ይይዛል» አሉ። አነጋገራቸው በር የሚዘጋ ነበር። ልጃቸው ከዚያ ወዲያ ደግማ አላነሳችውም።

የመጨረሻው የእርማት ገጽ ሲወጣ ቀኑ ተጣበበ። ከንቲባው ምረቃው ይፋጠን አሉ። ዳይሬክተሯም፣ «ነጂው አይቶ እግረ መንገዱን ለማተሚያ ቤቱ ያስረክብ። ማተሚያ ቤቱም ሌላ እርማት ሳይጠብቅ ያትም» ብለው አዘዙ። አራሚዋ ገጹን ለመልህቅ ከመላኳ በፊት በግራ ኅዳግ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፦ «በወንዙ ላይ የሚታይ፣ እኛ ሳንጽፈው የቀረ ነገር አለ?»

ከዚያ ወዲያ ጭጭ ሆነ። በየጧቱ በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ ሞተሩን የሚያበርደው ጀልባ በሳምንቱ ውኃውን እየሰነጠቀ መብረር ጀመረ። ነጂው ቀና አይልም። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ አንድ ቀን ወደቡ ድረስ ወረደች። ገመድ ሲያስር አገኘችው። አያት፤ ጎንበስ አለና የታሰረውን ገመድ እንደገና ማሰር ያዘ። በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ዳይሬክተሯ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ የዝውውር ደብዳቤ ፊቷ ያስቀመጡት በዚያው ሰሞን ነው፤ ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ ክፍል፣ ትልቅ ጠረጴዛ። ሳታነበው ፈረመች። ሰኞ ጧት ትሄዳለች።

መሄዱስ ይሁን። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ መሄዷ ግን እንደ እሾህ ይዟታል።

*

ምረቃው ወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ ነው። ፀሐዩ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ «ዓመቱን ሙሉ የማይለየን» ተብሎ የተወደሰው ነው፤ ባለሆቴሎቹ በዚያው መጽሐፍ እያራገቡ ይረግሙታል። ከድንጋዩ ደረጃ ሥር የጉብኝት ጀልባው ታስሮ ይጠብቃል፤ ከንግግሩ በኋላ እንግዶቹ ይንሸራሸሩበታል። መልህቅ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሟል። ወደ ውኃው ይመለከታል። አራሚዋ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣለች። በመካከላቸው አርባ ወንበርና ሃያ አንድ ቀን አለ።

ከንቲባው ንግግራቸውን አሳጠሩ፤ ማለትም ግማሽ ሰዓት ብቻ ተናገሩ። ከዚያም ወደ ዳይሬክተሯ ዞረው፣ «ለጉዟችን መንደርደሪያ እንዲሆነን የወንዙን ክፍል ቢያነቡልን» አሉ።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አደረጉ። እሳቸው የተጻፈ ነገር ማንበብ ጀምረው አቋርጠው አያውቁም። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ የሌላ መሥሪያ ቤት ሪፖርት በስሕተት ተሰጥቷቸው እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ተጨብጭቦላቸው ተቀምጠዋል።

«ዐሥራ ሁለት። የወፎች ደሴት» ብለው ጀመሩ። አራሚዋ እያንዳንዱን ቃል ከእናቷ አፍ ቀድማ በልቧ ትለዋለች። «ዐሥራ ሦስት። አሮጌው የድንጋይ ድልድይ።» ድልድዩም አለቀ። «ዐሥራ አራት። የዓሣ ገበያው።» ገበያውም አለቀ። በቃ ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ዳይሬክተሯ ገጽ ገለጡ።

«ዐሥራ አምስት» አሉ።

አራሚዋ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቀረች። መጽሐፉ ዐሥራ አምስት የሚባል ቁጥር የለውም።

«የሁለተኛው ፎቅ መስኮት። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚነሳው ጀልባ አሮጌውን ድልድይ እንዳለፈ በስተግራ ቀና ብለው ይመልከቱ። በጎብኚዎች ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት መስኮት ትከፍታለች። በአንድ እጇ መስኮቱን፣ በሌላው እጇ ቀይ እስክርቢቶ ስለምትይዝ እጇን ማወዛወዝ አትችልም። በአገጯ ሰላም ትላለች። ትዕይንቱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ደመና ባለበት ቀንም ይታያል።»

መናፈሻው ውስጥ ማራገቡ ቆመ። መረጃ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዳይሬክተሯ ግን የሚያነቡትን ለመስማት ገና አልደረሱም፤ ድምፃቸው እንደ ጥሩ ባቡር ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል።

«ማሳሰቢያ። የጀልባው ነጂ እዚህ ቦታ ላይ ሞተሩን የሚያበርደው ለመንገደኞች ደኅንነት እንደሆነ ሲናገር ቆይቷል። ውሸቱን ነው። የዚህን ወንዝ ነገር ሁሉ ለሰባት ዓመት ለሰው ሳሳይ ኖሬአለሁ፤ እኔ አይቼ ያልጠገብኩት ይህን ብቻ ነው። ታገቢኛለሽ? ቤተሰቦችሽ እኔን ለልጃቸው እንዳላሰቡ አውቃለሁ፤ እነሱን ብሆን እኔም አላስብም። እምቢ ከሆነ ምንም አትጻፊ። ዝም ካልሽ ይገባኛል። አላስቸግርሽም፣ ከእንግዲህም ቀና ብዬ አላይም።»

«ታገቢኛለሽ» የሚለውን ዳይሬክተሯ በጥያቄ ምልክቱ መሠረት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር ያነበቡት። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ቃሉ ጆሯቸው ደረሰ። ቢሆንም አላቋረጡም። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ በሄደ ድምፅ ጨረሱት፤ መነጽራቸው ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ወረደ።

ከኋላ አንድ ባለሆቴል አጨበጨቡ። ሲያንጎላጁ ነበር። ብቻቸውን መሆናቸው ሲገባቸው አንዱን እጃቸውን በሌላው ያዙት።

አራሚዋ ክው ብላለች። ሃያ አንድ ቀን። ውኃውን እየሰነጠቀ የበረረው፣ የታሰረ ገመድ ያሰረው፣ ቀና ያላለው። ጥሏት መስሏት ሌት ከቀን ስትቃጠል፣ እሱ ለካ ቀና አልልም ያለውን ቃሉን እየጠበቀ ነበር።

ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ቆሟል። በወንበሮቹ መካከል መቼ እንደመጣ አላየችም። ፊቱ አመድ መስሏል። ሃያ አንድ ቀን የናፈቀችው ዓይን አሁን መጣ፤ በጥፊ የተመታ ሰው ዓይን ሆኖ።

«ዝም ማለትሽ በቂ ነበር» አላት ቀስ ብሎ። «ማሳተም አያስፈልግም ነበር።»

«እኔ…» አለች። እስክትጨርስ አልጠበቃትም፤ ዞሮ ወደ ጀልባው ወረደ።

ሽማግሌው የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ በሁለተኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ተንደርድራ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አስገባው?»

«የቱን?»

«ዐሥራ አምስትን።»

«በቀኝ ኅዳግ ነው የተጻፈው» አሉ ሽማግሌው፣ ጥያቄው ራሱ እየገረማቸው። «ግድግዳዬ ላይ ያንን ቀይ ወረቀት የለጠፈው ማነው? ያለ ምንም ጥያቄ አላልሽም? ሁለቴ አስምረሽ።»

«ሲያነቡት ምንም አልመሰለዎትም?»

«ልጄ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለቅም አንድም ነገር አንብቤ አላውቅም። ማንበብ የጀመረ ለቃሚ ፊደል ይገድፋል።» ትንሽ አሰቡና፣ «ባለቤቴ ግን አንብባዋለች። ከሁሉም ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም ነው ያለችው» አሉ።

ሽማግሌው አንዲት ነጥብ አላጠፉም። ትክክል በመሆን የኖረች ሴት ትክክል መሆን እንዲህ እንደሚያቃጥል ያወቀችው ዛሬ ነው።

*

ነገር ሲበላሽ ከንቲባው የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ ይቀጥላል። «እንግዲህ ወደ ጀልባው» አሉ። ሌላ ጊዜ ከአርባው እንግዳ ዐሥሩ ፀሐዩ ከረረብኝ፣ ዐሥሩ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ይቀር ነበር። ዛሬ አንድም ሰው ጉዳይ አልነበረውም። አዛውንቶቹ ሳይቀሩ ያለ ደጋፊ ደረጃውን ወረዱ። ዳይሬክተሯ ከፊት ወንበር፣ መሪው አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ተቀመጡ። ጣታቸው አሁንም መጽሐፉ ውስጥ ነው። አራሚዋ ከሁሉም በኋላ ገባች።

ጀልባው ተነሣ። መልህቅ የድምፅ ማጉያውን አነሳ፤ ሥራ ሥራ ነው።

«በስተቀኝዎ የሚታየው የሰዓቱ ማማ ነው» አለ።

አርባ ሰው ወደ ግራ፣ ወደ አራሚዋ ዞረ።

በወንበሮቹ መካከል እየተደገፈች መጥታ ከመሪው ጎን ቆመች። «አላነበብኩትም» አለችው።

«በስተግራዎ ደግሞ…»

«አላነበብኩትም እያልኩህ ነው። ገጹ እኔ ጋ አልተመለሰም።»

ማጉያውን ከአፉ አወረደ፤ ማጥፋቱን ግን ረሳው። «አንቺ ያላየሽው መጽሐፍ ታተመ ነው የምትይኝ?» ሲል ቃሉ ከሁለቱ ዳርቻዎች ተስተጋብቶ ተመለሰ። ዓሣ ገበያው ላይ የነበሩት ሴቶች ቢላቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«አዎ። ጊዜ የለም፣ ሌላ እርማት ሳይጠበቅ ይታተም ተብሎ።»

«ማን ያለው?»

አራሚዋ ወደ ፊት ወንበር አላየችም። ባርኔጣው ግን ነቃነቅ አለ።

መልህቅ ማጉያውን አጠፋ። «እኔ እንደ ወትሮው ላንቺ የሚመልሱልሽ መስሎኝ ነው የሰጠኋቸው» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «አንቺ ሳታይው አንዲት ነጥብ አልፋ አታውቅም።»

«ለምን በቀኝ ጻፍከው ታዲያ?»

«የቀረ ነገር አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የቀረ ነገር ጭማሪ ነው። ጭማሪ በቀኝ ነው አላልሽም?»

በዚህ ሁሉ ዓለም ውስጥ ደንቧን እስከዚህ ድረስ ያከበረላት ሌላ ሰው አልነበረም።

«ወደቡ ድረስ መጥቼ ነበር» አለች። «ፊትህን አዞርክብኝ።»

«አላዞርኩም። ጎንበስ ነው ያልኩት።»

«የታሰረ ገመድ ልታስር።»

«ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር። ምን ላድርግ? ቀና አልልም ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ሰኞ ልሄድ ነው።»

«መረጃ ነገረችኝ።»

«የፈረምኩት ዝም ስላልክ ነው።»

«ዝም ያልኩት ዝም ስላልሽ ነው» አለ መልህቅ።

ከሦስተኛው ወንበር እኒያ ያጨበጨቡት ባለሆቴል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ በትሕትና፤ «ሞተሩ ትንሽ እየረበሸን ነው።»

መልህቅ ሞተሩን ጨርሶ አጠፋው።

ያን ጊዜ የወንዙ ድምፅ መጣ፤ የጀልባውን ሆድ እየዳበሰ የሚያልፍ ውኃ። መልህቅ መሪውን ለቆ ወደ እሷ ዞረ። ያየችው ሰውዬ ቀልደኛው የኅዳግ ጸሐፊ አይደለም፤ ከንፈሩ የደረቀ፣ እጁን የሚያሳርፍበት ያጣ ሰው ነው።

«ሰምተሽዋል እንግዲህ» አላት። «አሁን ሰምተሽዋል።»

የሰኞው ጉዞ በዓይኗ መጣ። የዘመዶቿ ፎቶግራፎች መጡ። ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ያለው የእናቷ ባርኔጣ መጣ፤ ከሥሩ ያለውን ፊት ለማየት አልደፈረችም። ዐረፍተ ነገር ስታቃና የኖረች ሴት አሁን የምታቃናው አጣች፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ከወጣ አይታረምም፣ ሰሚው ደግሞ ከተማው ነው። እሷ እንዲህ ስታስብ እሱ ጠበቀ። ዝም ባለች ቁጥር እምቢ እያለችው መሆኑ ድንገት ታወቃት።

«አገባሃለሁ» አለች።

ድምፁ የሷ አልመሰላትም፤ ሻካራና ትንሽ ነበር። የኋላዎቹ አልሰሙም። «ምን አለች?» «አገባሃለሁ አለችው።» «ማን?» «አራሚዋ ናታ።» ቃሏ ከወንበር ወደ ወንበር እየተላለፈ የጀልባው ጫፍ ሲደርስ የመረጃ ዕልልታ ሊወጣ ጀምሮ፣ ዳይሬክተሯን አይቶ መንገድ ላይ ሞተ።

መልህቅ አልሳቀም። አልተንቀሳቀሰም። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እምቢታን ሲለማመድ ከርሞ ለዚህኛው የተዘጋጀ ፊት አልነበረውም። ዓይኑ ፈጥጦ ቀረ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ ሣጥን ላይ ዘፍ አለ።

ዳይሬክተሯ ተነሡ።

ከንቲባው ወደ ሰዓቱ ማማ በጥሞና መመልከት ጀመሩ። ዳይሬክተሯ መጽሐፉን እንደያዙ ልጃቸው ፊት መጥተው ቆሙ። ሰው ሁሉ ነጎድጓድ ጠበቀ። የመጣው ግን ሌላ ድምፅ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ የቤት ድምፅ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። «አንድ ቤት እያደርን። ባንድ ማዕድ እየበላን። እኔ የልጄን ነገር ከአርባ ሰው ጋር ልስማ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ጨዋ ልጅ ነው ብለሽ ዘግተሽዋል።» በሥራ ሰዓት እናቷን አንቺ ስትል ሰው ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም። «ይህንን ደግሞ እኔም አላውቅም ነበር፣ እማዬ። እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። ካንቺ አፍ።»

ዳይሬክተሯ ዓይናቸውን ወደ መጽሐፉ አወረዱ። ጣታቸው የተቀረቀረበትን ገጽ ከፈቱና እንደገና አነበቡት። ያለ ድምፅ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳቸው። አንድ ቦታ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ።

«በአገጯ» አሉ ወደ መልህቅ ዞረው።

«አቤት፣ እትዬ?»

«በአገጯ ሰላም የምትለው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። አሻንጉሊቷን በሁለት እጇ ስለምትይዝ።» ዋጥ አደረጉ። «እኔ ብቻ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«ለምኑ?» ብለው ጠየቁት። ለምኑ እንደሆነ እሳቸውም አላወቁትም፤ እሱም አላወቀውም። ጀልባው ነጂ እንደሌለው ገብቶት በጎኑ መዞር ጀምሯል። «ሞተሩን አስነሣ እንጂ፤ ውኃው ይዞን እየሄደ እኮ ነው።»

«እጄ እምቢ አለኝ።»

«የኔም እግር» አሉ ዳይሬክተሯ፤ ከጎኑ፣ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አሉ።

አራሚዋ አየቻቸው። ሁለቱም አመድ መስለዋል፣ ሁለቱም ቀና ብለው እሷን ይመለከታሉ፤ ቀጥሎ የሚሆነውን እሷ የምታውቅ ይመስል። አንዱ ገመድ የላጠው መዳፍ ነው፣ አንዱ መጽሐፍ የጨበጠ የእናት መዳፍ። አጎነበሰች። የማንኛቸውን ቀድማ እንደምትይዝ ጨነቃት፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ ያልለየለት እንባ ጉንጯን እየጠበሰ ሲወርድ፣ ሁለት እጇን ወደ ሁለቱም ዘርግታ፣ ከአንዳቸውም ሳትደርስ፣ በሚዞረው ጀልባ ላይ እየተንገዳገደች ቆመች።